ውድ የጆሮ ማዳመጫ ስንት ዋት ይበቃዋል?

የሙዚቃ ፍቅር ከጸናባቸው ሰዎች መካከል ለአንድ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ 3000፥ 4000፥ እንዲያውም 6000 የአሜሪካ ዶላር የሚከፍሉ አሉ። ይህን የሰማ ሰው «ለጆሮ ይህ ሁሉ ገንዘብ!» ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ገንዘቡ ተከፍሎ ዕቃው ከሣጥኑ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ወጪ ይከተላል። እንዲህ ላለው ማዳመጫ ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር የሚመጣው ደካማ ኤሌክትሪክ አይበቃውም ስለሚባል፥ ድምፁን የሚያጐላ መሣሪያ፥ ማለት አምፕሊፋየር፥ መግዛት ግድ ይሆናል። የትኛውን? ሻጩ አንዱን ያመሰግናል፤ ወዳጅ ሌላውን ይመክራል፤ ሦስተኛው ደግሞ አምፕሊፋየሩ በዋጋ ከማዳመጫው ካነሰ ነውር ነው ይላል። ገዢውም ግራ ይገባውና ስንት ጊዜ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ይከፍላል፤ ምን እንደ ገዛና ለምን እንደ ገዛ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ነገሩ ግን በእርሳስና በወረቀት ሊሰላ የሚችል ነው። ስሌቱም የሚፈልገው የማብዛትና የማካፈል ዕውቀት ብቻ ስለ ሆነ፥ ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ እንመለከተዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስሱ ገለፈት

በብዛት የምናውቀው ማዳመጫ ውስጡ ቢከፈት፥ አንድ ትንሽ ጉልላት ከኋላው ጥቅል ሽቦ ተለጥፎበት ይታያል። ጥቅሉ የተቀመጠው በማግኔት መካከል ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲመላለስ ሽቦው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጉልላቱንም ይዞት ስለሚሄድ አየሩ ይርገበገባል፤ ይህም ወደ ጆሮ ሲደርስ ድምፅ ይሆናል። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1937 ያወጣው ዲቲ 48 በዚህ ስልት የተሠራ ነበር። ዛሬም በየሱቁ ከሚሸጡት ማዳመጫዎች አብዛኞቹ የዚያው ዘር ናቸው።

ፕላነር ማግኔቲክ የሚባለው ዓይነት ግን ጉልላትም ጥቅል ሽቦም የለውም። በዚህ ፈንታ ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠነ ገለፈት እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ፥ በገጹ ላይ የብረት መስመር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ታትሞበታል። በአጠገቡ የማግኔት ዘንጎች ተደርድረዋል። ኤሌክትሪክ በመስመሩ ሲያልፍ ገለፈቱ በአንድ ቦታ ብቻ ተገፍቶ ሳይሆን በሙሉ ገጹ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ከዚህም የተነሣ ወፍራሙ ድምፅ ሳይደፈርስ እስከ ታች ድረስ ይወርዳል፤ የመዛባቱም መጠን አነስተኛ ነው። ጕዳቱ ክብደቱ ነው። እነዚያ ሁሉ ማግኔቶች ተሸክመዋቸው ስለሚኖሩ፥ አንዳንዱ ማዳመጫ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ለአንገት ቀላል ነው የሚባል አይደለም።

አሳቡ አዲስ አይደለም። የጃፓኑ ያማሃ በ1976 ኤችፒ 1 የተባለውን ማዳመጫ ያወጣው በዚሁ ስልት ነበር። ከዚያም ገበያው ቀዝቅዞ ለብዙ ጊዜ ቆየና፥ በ2009ና በ2010 ገደማ እንደገና ተነሣ። ከተነሡት መካከል አንዱ ፋንግ ቢያን የተባለው ቻይናዊ ሰው ያቋቋመው ሃይፋይማን ነው፤ ሌላው በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ኦዲዚ ነው። በ2018 የሩማንያው መዜ ኤምፒሪያን የተባለውን ማዳመጫ አወጣ፤ የዚህም ልብ፥ ማለት ገለፈቱና ማግኔቱ፥ የተሠራው ሪናሮ በተባለ የዩክሬን ድርጅት ነው። በ2023 ደግሞ ሶኒ ኦዲዚን ጠቅልሎ ገዛው። ትልልቆቹ ነጋዴዎች የማይረባ ነገር አይገዙምና፥ ነገሩ የጥቂት እብዶች ጨዋታ መሆኑ ያበቃው ያን ጊዜ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ስለ ጋብቻው

በዚህ ንግድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ማዳመጫና አምፕሊፋየርን ማስማማት ሲሉ ስለ ጋብቻ የሚናገሩ ይመስላል። ሰባት ቤት ዘር እንደሚቈጥር ሽማግሌ ሆነው «ይህ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ያኛው ከዚያ ጋር አይሆንም» ይላሉ። ለባለ ጥቅል ሽቦው ማዳመጫ ይህ አነጋገር ጥቂት እውነት አለው። ምክንያቱ እንዲህ ነው።

ኦም የሚባለው መለኪያ አንድ ሽቦ የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል እንደሚገታ የሚገልጽ ነው። በባለ ጥቅል ሽቦ ማዳመጫ ይህ ልክ ለሁሉ ድምፅ አንድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 የተባለው ማዳመጫ በወረቀቱ ላይ 300 ኦም ቢባልም፥ በወፍራሙ ድምፅ አካባቢ፥ ማለት በሰከንድ ወደ 100 ጊዜ በሚርገበገበው ላይ፥ ወደ 500 ኦም ከፍ ይላል። አምፕሊፋየሩ ራሱ በመውጫው ላይ ብዙ ኦም ያለው ከሆነ፥ በዚያ ሥፍራ ላይ ያለው ድምፅ ከሌላው ይበልጥ ያብጣል። ስለዚህ አንዱ አምፕሊፋየር «ሞቅ ያለ»፥ ሌላው «ደረቅ ያለ» ሆኖ ይሰማል። ጋብቻው እውነት የሚሆነው በዚህ ነው።

በስስ ገለፈቱ ማዳመጫ ግን የኦሙ ልክ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ድረስ አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። 60 ኦም ከተባለ 60 ነው። አምፕሊፋየሩ የራሱ ኦም ቢኖረው ሁሉንም ድምፅ እኩል ይቀንሰዋል እንጂ አንዱን ጨምሮ ሌላውን አይጐዳም፤ የቀነሰውንም ቍልፍ በማዞር መመለስ ይቻላል። እንግዲህ ከድሮዎቹ ማዳመጫዎች ተወርሶ የመጣው የመስማማት ወሬ እዚህ ላይ ሲደርስ መሠረቱ ይናዳል። የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ጉልበቱ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ነው።

ሒሳቡ

ኤሌክትሪክን ከውኃ ጋር ማመሳሰል የቆየ ልማድ ነው፤ ቢሆንም ይጠቅማል። በርሜሉ የተሰቀለበት ከፍታ ቮልት ነው። በቧንቧው የሚወርደው የውኃ ብዛት አምፔር ነው። የቧንቧው ጥበት ኦም ነው። ከፍታውና ብዛቱ ሲባዙ የሚገኘው ሥራ ዋት ይባላል። ቀጭን ቧንቧ ብዙ ከፍታና ጥቂት ውኃ ይፈልጋል፤ ሰፊ ቧንቧ ግን በጥቂት ከፍታ ብዙ ውኃ ያፈሳል።

የማዳመጫው አምራች በወረቀቱ ላይ ሁለት ቍጥሮች ያትማል። አንደኛው ኦሙ ነው። ሁለተኛው ማዳመጫው በ1 ሚሊዋት፥ ማለት በአንድ ሺሕኛ ዋት፥ ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚሰጥ የሚገልጸው ነው። ይህን ሁለተኛውን «ንቃት» ብንለው ይስማማዋል፤ ንቁ ማዳመጫ በጥቂት ኤሌክትሪክ ይጮኻል፤ ሰነፍ ማዳመጫ ግን ካልተገፋ አይነሣም። ገዢው እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ከያዘ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ማስታወስ ይበቃዋል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ከፍ እንዲል ዋቱ በ2 ይባዛል፤ በ10 ዴሲቤል ከፍ እንዲል በ10 ይባዛል።

እስከ ስንት ዴሲቤል እንሂድ? በቤት ውስጥ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው በአማካይ 75 ወይም 80 ዴሲቤል ቢያገኝ ደኅና አድርጎ ይሰማል። ነገር ግን ሙሉ ኦርኬስትራ ጸጥ ካለ በኋላ ከነከበሮውና ከነመለከቱ በድንገት ሲነሣ፥ ለቅጽበት ከአማካዩ በ20 ወይም በ25 ዴሲቤል ይበልጣል። ስለዚህ ለነዚያ ቅጽበቶች 110 ዴሲቤል ቢያዝ ይበቃል ብቻ ሳይሆን ይተርፋል።

አሁን በገበያው ላይ እጅግ ሰነፍ ከሚባሉት አንዱን እንመልከት። ሃይፋይማን በ2017 በ6000 ዶላር ያወጣው ሱስቫራ 60 ኦም ሲሆን፥ ንቃቱ 83 ዴሲቤል ነው። ከ83 እስከ 110 ድረስ 27 አለ። 27 ማለት ዘጠኝ ጊዜ ሦስት ነው። ስለዚህ 1 ሚሊዋትን ዘጠኝ ጊዜ በሁለት ማብዛት ነው፤ 2፥ 4፥ 8፥ 16፥ 32፥ 64፥ 128፥ 256፥ 512። ውጤቱ ግማሽ ዋት መሆኑ ነው! ይህም በ60 ኦም ላይ ወደ 5.5 ቮልትና 91 ሚሊ አምፔር ይሆናል።

ኦዲዚ በ2021 ያወጣው ኤልሲዲ 5 ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ኦሙ 14 ብቻ ነው፤ ንቃቱ 90 ዴሲቤል ነው። 20 ዴሲቤል ለመጨመር 100 ሚሊዋት ይበቃዋል። ከፍታው 1.2 ቮልት ብቻ ቢሆንም፥ የሚጠጣው ግን 85 ሚሊ አምፔር ነው፤ በአምፔር በኩል ከሱስቫራ ብዙም አያንስም። ሰፊ ቧንቧ ማለት ይህ ነው። ከላይ የጠቀስነው ኤምፒሪያን በአንጻሩ ንቁ ነው። ወደ 32 ኦም ሆኖ ንቃቱ 100 ዴሲቤል ስለ ሆነ፥ 10 ሚሊዋት ይበቃዋል፤ ይህም ግማሽ ቮልት በጥቂት ይበልጣል። የ3000 ዶላር ማዳመጫ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተራ ስልክም ይነዳዋል።

ለማነጻጸሪያ ያህል ባለ ጥቅል ሽቦ የሆነውን ኤችዲ 800 ኤስን ብንወስድ፥ 300 ኦሙ 2.5 ቮልት ይጠይቃል፤ የሚጠጣው ግን 8 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። በስስ ገለፈቱ ማዳመጫና በሌላው መካከል ያለው ዋና ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። አብዛኞቹ ስስ ገለፈቶች የሚፈልጉት አምፔር ነው። ስለዚህ አንድ አምፕሊፋየር በ300 ኦም ላይ ብዙ ቮልት መስጠቱ ብቻ ስለ ኤልሲዲ 5 ምንም አይነግረንም። ገዢው የሚፈልገውን ቍጥር በ16 ወይም በ32 ኦም ላይ ስንት ዋት እንደሚሰጥ ከሚናገረው መሥመር ላይ ማንበብ አለበት። ሻጭ ይህን መሥመር ካላሳየ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ፍርድ ብዙ ሰዎችን አያስደስትም። ጄዲኤስ ላብስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2018 በ99 ዶላር ያወጣው አተም የተባለው ትንሽ አምፕሊፋየር በ32 ኦም ላይ 1 ዋት ይሰጥ ነበር። ይህ 5.7 ቮልት ማለት ነው። ሱስቫራ የሚጠይቀው 5.5 ነበር። እንግዲህ የ6000 ዶላሩ ማዳመጫ ከ99 ዶላሩ ዕቃ ጋር ተሰክቶ ሙሉ ኦርኬስትራ ያሰማል ማለት ነው፤ ልኩ ላይ ስለሚደርስ ትርፍ ባይኖረውም።

ትርፍ የሚያስፈልገው ሰው አለ። አንዳንድ አዳማጭ ወፍራሙን ድምፅ በማስተካከያ ከፍ ማድረግ ይወዳል፤ ስስ ገለፈቱም ይህን ጭማሪ ሳይዛባ ስለሚቀበል ደስ ይላል። ታዲያ 6 ዴሲቤል ቢጨምር ዋቱ በአራት ይባዛል፤ የሱስቫራ ግማሽ ዋትም 2 ዋት ይሆናል። እንዲህ ላለው ሰው በ60 ኦም ላይ 2 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ይፈልግ ብለን ብንመክረው ማባከን አይደለም። ከዚያ በላይ ግን የሚሰማ ነገር የለም። 10 ዋት ሱስቫራን 123 ዴሲቤል ያስጮኸዋል። በዚህ ልክ የሚያዳምጥ ጆሮ ብዙም ሳይቆይ የሚያዳምጥበት ነገር አይኖረውም።

ሃይፋይማን በ2010 ያወጣው ኤችኢ 6 ንቃቱ 83.5 ዴሲቤል ብቻ ስለ ነበረ፥ በዚያ ጊዜ የነበሩት ብዙዎቹ የማዳመጫ አምፕሊፋየሮች አልቻሉትም። አዳማጮችም ለግድግዳ ሳጥን የተሠራውን ትልቁን አምፕሊፋየር አምጥተው ይሰኩበት ጀመር። «ለስስ ገለፈት የሳጥን አምፕሊፋየር ያስፈልጋል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ዘንድ የጸናው በዚያ ጊዜ ነው። አባባሉ ለዚያ ማዳመጫ ለዚያ ዘመን ልክ ነበር። ዛሬ ግን በየሱቁ ከሚሸጡት ትንንሾቹ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ 1ና 2 ዋት ስለሚሰጡ፥ ወሬው ከምክንያቱ ዕድሜ በልጦ ኖረ። አደጋም አለው። በ8 ኦም 100 ዋት የሚሰጥ የሳጥን አምፕሊፋየር በ14 ኦሙ ኤልሲዲ 5 ላይ ቍልፉ በስሕተት እስከ ጫፍ ቢዞር ከ50 ዋት በላይ ያፈስበታል። ያንን ገለፈት ማሳረር ነው።

ስለ ድምፁ ጥራት

«ዋቱስ ይሁን፤ የድምፁ ጥራትስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከአንድ ጀልባ ጉዞ ይጀምራል።

በ1927፥ ኦገስት 2 ቀን ጠዋት ሃሮልድ ብላክ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ወጣት መሐንዲስ የሃድሰንን ወንዝ በጀልባ እየተሻገረ ወደ ኒው ዮርክ ሥራው ይሄድ ነበር። ለስድስት ዓመታት ያህል ያስጨነቀው ነገር የስልክ መስመር ነበር። ድምፁ ከከተማ ወደ ከተማ ሲሄድ በየመንገዱ ባሉት አምፕሊፋየሮች እየተዛባ፥ መጨረሻው ላይ ሲደርስ አይለይም። በጀልባው ላይ ሳለ አንድ አሳብ መጣለት። አምፕሊፋየሩ ካወጣው ድምፅ ጥቂቱን ተገልብጦ ወደ መግቢያው ቢመለስ፥ የተዛባው ከጤናማው ጋር ተነጻጽሮ ራሱን ያርማል የሚል ነው። ወረቀት ስላልነበረው በያዘው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ሥዕሉን ነደፈው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ አምፕሊፋየር ሁሉ ለማለት ጥቂት ሲቀር በዚያ ንድፍ ይጠቀማል።

ከዚህ የተነሣ የመዛባትን መጠን ከጆሮ መለያ በታች ማውረድ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ርካሽ ሥራ ሆኗል። በ1987 ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ርካሽ የሱቅ ዕቃንና 12000 ዶላር የሚያወጣ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየርን ጨምሮ ልዩ ልዩ አምፕሊፋየሮችን ለአዳማጮች ሳያሳይ አሰማ። የድምፃቸው ልክ እኩል ተደርጎ ሲሰማ አዳማጮቹ ሊለዩአቸው አልቻሉም። ሙከራው በሳጥን እንጂ በማዳመጫ አልነበረም፤ ክርክሩም ዛሬም አላቆመም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት አምፕሊፋየሮች እየተሻሻሉ እንጂ እየባሱ አልሄዱም።

ባለ ቫልቩን የሚወድ ሰው አለ፤ መልኩም በማታ ብርሃን ያምራል። ነገር ግን በስስ ገለፈት ዘንድ መጠንቀቅ ይገባል። ከቫልቮቹ ዓይነት በመውጫው ላይ ትራንስፎርመር የሌለው አለ፤ ይህ የራሱ ኦም ብዙ ነው፤ አምፔርም አይሰጥም። የራሱ 120 ኦም ያለው እንዲህ ያለ ዕቃ ከ14 ኦሙ ማዳመጫ ጋር ቢጋጠም፥ ከቮልቱ ወደ ማዳመጫው የሚደርሰው ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው እዚያው በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ይቀራል። ባለ ትራንስፎርመሩ ግን ይሆናል።

በብዙ ዕቃዎች ላይ ከተራው መሰኪያ ሌላ ባለ አራት እግር መሰኪያ፥ ወይም 4.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ አምስት ቀለበት መሰኪያ ይገኛል። ይህ ባላንስድ የሚሉት ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ በኩል ሁለት አምፕሊፋየሮች አንዱ ሲስብ አንዱ እየገፋ ስለሚሠሩ፥ ቮልቱ እጥፍ ይሆናል፤ አምፔሩ ከተገኘም ዋቱ በአራት ይባዛል። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ለሰነፍ ማዳመጫ ጥሩ መንገድ ነው፤ ለንቁ ማዳመጫ ግን ምንም አይጨምርም። አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ባላንስድ መውጫን በመለዋወጫ አሳጥሮ ወደ ተራ ባለ ሦስት ቀለበት መሰኪያ ማገናኘት አይገባም። በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ አሉታዊ ጫፎች በዚያ ስለሚገናኙ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። በገበያ ላይ የሚሸጡት መለዋወጫዎች ይህን ላይጽፉ ይችላሉ። ስለ ውድ ገመዶችም እንድጽፍ የሚጠብቅ ሰው ካለ፥ ገንዘቡን ለመዝገብ ሸክላ ያውል።

ጉልበት ሲበዛም ችግር አለ ብለናል። ንቁ ማዳመጫ ከኀይለኛ አምፕሊፋየር ጋር ሲሰካ ሁለት ነገር ይታያል። ሙዚቃው ባለበት ጸጥታ ሽው የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቍልፉ ደግሞ ገና ሳይነሣ ድምፁ ይበዛል። ቍልፎች በታችኛው ጫፋቸው ላይ ግራና ቀኙን እኩል ስለማይከፍቱ፥ ዘፋኙ ወደ አንድ ጆሮ ያዘነብላል። ስለዚህ ዝቅተኛ ማጉያ የሚል ማብሪያ ያለበትን ዕቃ መምረጥ ነው፤ ከተጨማሪ ዋት ይበልጥ የሚያገለግለው ይህ ትንሽ ማብሪያ ነው።

ከውጭ አገር ለሚላክለት

በአዲስ አበባ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ ካለ ዘመድ በሻንጣ ተልኮለት ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። የስልክ ቻርጀር ሁለቱንም ስለሚቀበል ሰው አምፕሊፋየሩንም እንደዚያው ይመስለዋል። ነገር ግን ከትንንሾቹ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከግድግዳ በሚሰካ ከባድ ትራንስፎርመር ነው፤ ይህም ለአንድ አገር ቮልት ብቻ የተጠቀለለ ነው። በግድግዳው መሰኪያ ላይ «100–240» የሚል ቍጥር ከታተመ ደኅና ነው። 120 ብቻ ካለ ግን ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ለአውሮፓ የተሠራውን ትራንስፎርመር እንዲያዝዝ መንገር ይሻላል፤ የአውሮፓው 230 ለእኛ መስመር ይሆናልና። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ ስታቢላይዘር ጨምሮ ማስቀመጥ ነው።

ሁለት አምፕሊፋየሮች ቀርበውለት «የትኛው ይሻላል?» የሚል ሰው በጆሮው ብቻ አይመን። ጆሮ ጥቂት የጮኸውን ሁሉ የተሻለ ነው ይላል፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙትን ቴስተር መዋስ ይበቃል። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ ወጥ ድምፅ እያሰማን፥ ማዳመጫው እንደ ተሰካ፥ የሁለቱን አምፕሊፋየሮች ቮልት ለክቶ ቍልፋቸውን እስኪተካከሉ ድረስ ማዞር ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ከኋላ ሆኖ እየቀያየረ ያሰማ፤ አዳማጩም የትኛው እንደ ሆነ ሳያይ ይፍረድ። ለዚህ ሙከራ በገና እጅግ ይመቻል። አለሙ አጋ በኢትዮጲክስ ተከታታይ ውስጥ 11ኛ ሆኖ በወጣው ሸክላ ላይ ሲደረድር፥ ከዐሥሩ አውታሮች ሥር ያሉት ትንንሽ ቆዳዎች የሚሰጡት ጕምጕምታ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን ድምፅ ሁሉ ይዟል፤ በመካከል ያለው ዝምታም የአምፕሊፋየሩን ሽውታ ያጋልጣል። ዐሥር ጊዜ ቀያይሮ ዘጠኝ ጊዜ የለየ ሰው ውዱን ይግዛ። አምስት ጊዜ ብቻ የለየ ሳንቲም ወርውሮም ያንኑ ያገኝ ነበር፤ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።

የቀረው ቍልፉ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የሚያዘው ልክ በሳምንት ውስጥ በ80 ዴሲቤል እስከ 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፥ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፥ በ90 ዴሲቤል ደግሞ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ስስ ገለፈት ሲጮህም ስለማይዛባ፥ ከርካሹ ማዳመጫ ይልቅ ሳይታወቅ ከፍ ይደረጋል፤ የመዛባቱ ምልክት ከሌለ ጆሮ «በቃ» የሚልበት ምክንያት ያጣል። ስለዚህ ማዳመጫው ከመሰካቱ በፊት ቍልፉ ሁልጊዜ ወደ ታች ይዙር፤ ከተሰካም በኋላ ሙዚቃው እየተሰማ ቀስ ብሎ ይነሣ፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰው በተራ ድምፅ ሲናገር መኖሩ እንኳ የማይሰማ ከሆነ ግን ያን ጊዜ መልሶ ዝቅ ማድረግ ነው።